ለአማቼ የተነሳሁበት ቀን

አማቼ እግሬን የናቁት ከሐኪሞቹ ሁሉ ቀድመው ነው። ልጃቸውን እንዲሰጡኝ ሽማግሌ በላክሁ ጊዜ፣ ሽማግሌዎቹ ከነፋስ ስልክ ላፍቶ ድረስ ወርደው ስለ ሙያዬ፣ ስለ ጠባዬና ስለ ቤተሰቤ የሚባለውን ሁሉ አሉ፤ የማይባለውንም ጨመሩበት። አማቼ ሁሉን ሰምተው ሲጨርሱ «ልጁን አውቀዋለሁ» አሉ። «የገበሬ ማኅበሩን ቢሮ ሲቀባ መሰላል ላይ አይቼዋለሁ። ሱሪውን ሰብስቦ ነበር። እግሩ አይሆንም።» ሽማግሌዎቹ ለሁሉም ጥያቄ መልስ ይዘው ነው የሄዱት፤ ስለ እግሬ ግን የተዘጋጀ አልነበረም። አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ።

አማቼ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሬ ሲገዙና ሲሸጡ የኖሩ የላፍቶ ገበሬ ነበሩ። በሬ ሲያዩ መጀመሪያ የሚያዩት እግሩን ነው፤ ሰውም ሲያዩ እንደዚያው። እኔ ደግሞ ነፋስ ስልክ ተወልጄ ያደግሁ፣ ሞፈርና ቀንበር የማልለይ ቀለም ቀቢ ነኝ። ልጃቸው «ሌላ አላገባም» ብላ ቤቱን ስታምሰው ጊዜ እያጉረመረሙ ፈቀዱ። በሠርጋችን ቀን ሲመርቁን «እግራችሁን ያጽናው» አሉና እኔን ብቻ አዩ። ከዚያ ወዲያ በዓል ሲደርስ ላፍቶ እንሄዳለን፤ እሳቸው ግን ቤታችን መጥተው አያውቁም። ስገባ እግሬን ያዩታል፣ ስወጣ እግሬን ያዩታል፣ ፊቴን የሚያውቁት አይመስለኝም ነበር።

በደርግ ጊዜ ቀለም ቀቢ ሥራ አያጣም፤ ቀይ ቀለም ካልጠፋ። በየዓመቱ የአብዮት በዓል ሲቃረብ የቀበሌውን አጥር እቀባለሁ፣ መፈክር እጽፋለሁ፣ የእነዚያን የሦስቱን ጺማም ሽማግሌዎች ምስል አድሳለሁ። አንድ ዓመት ጺማቸው ላይ ብዙ ቀን ቆየሁ። የቀበሌያችን ካድሬ ከሥር ቆሞ ሲያየኝ ፍቅር መሰለው። እውነቱን ለመናገር ከመሰላል ወርጄ እንደገና መውጣት እየከበደኝ ስለነበረ ነው።

ነገሩ የጀመረው ባቴ ላይ ነው። ስሄድ ግራ ባቴን የሆነ ነገር ጨምድዶ ይይዘኛል፤ ቆም ስል ይለቀኛል። ከአንዱ የመብራት እንጨት እስከሚቀጥለው እደርስና እቆማለሁ። በዚያ ዘመን ደግሞ መንገድ ላይ ያለ ምክንያት የሚቆም ሰው ጥሩ ሰው አይደለም። ማንን ነው የሚጠብቀው? ማንን ነው የሚያየው? ስለዚህ በቆምሁ ቁጥር ግድግዳ ላይ ያለውን መፈክር የማነብ እመስላለሁ፤ ራሴ የጻፍሁትን መፈክር። ከጎተራ እስከ ሳሪስ ያላነበብሁት ግድግዳ የለም። ካድሬው አንድ ቀን በስብሰባ ላይ አስነስቶ ንቃቴ እየጨመረ መሄዱን መሰከረልኝ፤ ተጨበጨበልኝም።

በኋላ ቆም ማለቱም አልበቃ አለ። እግሬ ሌሊቱን ሙሉ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ ያድራል፤ የግራ እግሬ ትንሿ ጣት መጀመሪያ ገረጣች፣ ቀጥላ ሰማያዊ ሆነች፣ ከዚያ ስሙን የማላውቀው ቀለም ያዘች። ስሙን የማላውቀው ቀለም ሲገጥመኝ የመጀመሪያዬ ነው።

አንድ ቀን ውይይት ታክሲ ላይ ተሳፍሬ ጫማዬን አወለቅሁ። ውይይት የሚባሉት ተሳፋሪው ግራና ቀኝ ፊት ለፊት የሚቀመጥባቸው ታክሲዎች ናቸው፤ ስማቸው የወጣውም ሰው ሁሉ በግድ ለውይይት በሚሰበሰብበት በዚያ ዘመን ነው። ጫማዬን ባላወልቅ ይሻለኝ ነበር። አንዲት እናት «ብርድ ነው» አሉ። አጠገባቸው ያለው ሰውዬ «ብርድ ነው፣ ግን የቆየ ብርድ» አለ። ሌላው ሪህ ነው ሲል ተነሱበት። ቄራ ስንደርስ በነጭ ሽንኩርት እንድታሽ፣ ጠበል እንድገባ፣ አረቄ እንድጠጣና አረቄ እንድተው ተወስኖልኝ ወረድሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ብርድ ያልሆነ በሽታ የለም፤ ሰው ከፎቅ ወድቆ ቢሞት እንኳ ሲወድቅ ብርድ መትቶት ነው የሚል አይጠፋም።

ባለቤቴ ጣቴን አይታ አልተወያየችም። በማግሥቱ ከተማ ካለው ትልቅ ሆስፒታል ወሰደችኝ። እዚያ ከወዳጅ አገር የመጣ አንድ ግዙፍ የውጭ ሐኪም ነበር፤ ከሱ ጋር ደግሞ እዚያው አገር ተምሮ የመጣ፣ የሚያስተረጉምለት ወጣት የኛ ዶክተር። ወጣቱ ዶክተር በሁለት ጣቱ የእግሬን ጀርባ እየዳበሰ ምት ፈለገ። ቁርጭምጭሚቴ ጋ ፈለገ፣ ከጉልበቴ ኋላ ፈለገ። ቀኝ እግሬ ላይ ሲያገኝ ግራዬ ላይ አጣ።

«ሲጋራ ታጨሳለህ?» አለኝ።

«ጥቂት» አልሁ።

«ጥቂት ፓኮ» አለች ባለቤቴ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ።

የውጭው ሐኪም ያለ አስተርጓሚ ገባው። ወጣቱ ዶክተርም አስረዳኝ። ደም ወደ እግሬ የሚወርድባቸው ቧንቧዎች የሆነ ቦታ ጠበዋል ወይም ተዘግተዋል። የት እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ አንጂዮግራም የሚባል ምርመራ አለ። በብሽሽቴ በኩል ቀጭን ቱቦ ያስገባሉ፣ በቱቦው ቀለም ይለቃሉ፣ ቀለሙ ቧንቧውን ተከትሎ ሲወርድ በራጅ ፎቶ ያነሳሉ። «ደም የሚያልፍበት መንገድ ካገኘን እግሩ ይተርፋል» አለ። «ካላገኘን ግን…» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰም፤ እጁን ግን ከጉልበቴ በታች አሳለፈው።

«የምን ቀለም ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«እንዴት የምን ቀለም?»

«የዘይት ነው የውሃ?»

ዶክተሩ ሳቀ። ባለቤቴ አልሳቀችም። እኔም ከልቤ አልነበረም፤ እጁ ያለፈበት ቦታ ብርድ ብርድ እያለኝ ነው የቀለድሁት። አንድ እግር ያለው ቀለም ቀቢ መሰላል ላይ ምን ይሠራል?

ስንመለስ ግን ያስጨነቀኝ መሰላሉ አልነበረም። «ለአባትሽ እንዳትነግሪ» አልኋት። ነገሩ ሞኝነት ነው፤ እኔም ያኔ አውቄው ነበር። እግሬ ቢቆረጥ እኖራለሁ። አማቼ ልክ ሆነው ግን መኖር አልችልም። በየበዓሉ ላፍቶ በክራንች እያነከስሁ ስገባ፣ እሳቸው ምንም ሳይናገሩ የጎረቤቱን ሽማግሌዎች የሚያዩበት ዓይን በሐሳቤ ይመጣብኛል። «እሺ» አለችኝ ባለቤቴ። በነጋታው ማለዳ ከላፍቶ ወተት ለምታመጣልን ሴት ሁሉንም ነገረቻት።

የምርመራው ዋዜማ ሆስፒታል ገባሁ። ከማታ ጀምሮ ምግብ ክልክል ነው ተባልሁ፤ እሱስ የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ አለማምዶኛል። ጠዋት አንድ ድሬሰር፣ ቁስል የሚያጥበው የሐኪም ረዳት፣ ምላጭና ሳሙና ይዞ መጣና አንሶላውን ግለጥ አለኝ። ምላጭ ደርሶበት የማያውቅ ቦታ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ «ግዴታ ነው?» አልሁት። «አንተ ግድግዳ ስትቀባ መጀመሪያ አትፍቅም?» አለኝ። ባለቤቴ ሥራዬን ነግራዋለች ማለት ነው። እፍቃለሁ። ተፋቅሁ።

የምርመራው ክፍል ጠረጴዛ የሬሳ ያህል ይቀዘቅዛል። ከላዬ ትልቅ የራጅ መሣሪያ ተንጠልጥሏል። ሐኪሞቹ ጨረር የሚከላከል ከባድ ሽርጥ ለበሱ። «ለኔስ?» ብል «አንተ ነህ የምትታየው» አሉኝ። ከዚያ በፊት መድኃኒት ወይም ምግብ አሳብጦኝ እንደሚያውቅ ጠየቁኝ፤ ቀለሙ የማይስማማው ሰው ስላለ ነው። የውጭው ሐኪም ከአማርኛችን የሚያውቀው ሁለት ቃል ነው፤ «አይዞህ» እና «ጎበዝ»። ችግሩ የቱን መቼ እንደሚል አያውቅም። የማደንዘዣው መርፌ ብሽሽቴን ሲያቃጥለኝ «ጎበዝ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ምንም ሳያመኝ ዝም ብዬ ስተኛ «አይዞህ፣ አይዞህ» እያለ አስጨነቀኝ።

ቱቦው ሲገባ አያምም፤ የሚገፋ ነገር ብቻ ይሰማል። ውስጥ ሲሄድ ምንም አይታወቅም። እኔ እባብ ሲሳብብኝ እየጠበቅሁ ነበርና ትንሽ ቅር አለኝ። ቀጥሎ ወጣቱ ዶክተር «አሁን ይሞቅሃል፤ እንዳትነቃነቅ» አለ። ሞቀኝ ማለት አይገልጸውም። ከወገቤ ጀምሮ እስከ እግሬ ጣቶች አንድ ሰው የፈላ ነገር የለቀቀብኝ ያህል ተቃጠልሁ፤ መሣሪያው ደግሞ ከላይ ቀጭ ቀጭ ቀጭ ይላል። ሙቀቱ መሐል ላይ ሲደርስ አንድ ነገር ገባኝ።

«ዶክተር፣ ይቅርታ» አልሁ፣ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ።

«ምነው?»

«የሸናሁ መሰለኝ።»

«አልሸናህም። ሁሉም እንደዚያ ይላል።»

ለውጭው ሐኪም ተረጎመለት። እሱም እጄን መታ መታ አድርጎ «ጎበዝ» አለኝ። በሕይወቴ ስላልሸናሁ የተመሰገንሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ቱቦውን ካወጡት በኋላ ወጣቱ ዶክተር መዳፉን ብሽሽቴ ላይ አድርጎ ሙሉ ክብደቱን ጣለብኝ። ሊጥ እንደሚያቦካ ሰው ጎንበስ ብሎ ረዥም ጊዜ ተጫነኝ። ቧንቧው ትልቅ ነው፤ ቀዳዳው እስኪዘጋ ካልተያዘ ደሙ እንደ ቧንቧ ውሃ ይፈሳል። ከዚያ የአሸዋ ከረጢት ጭነውብኝ ወደ ክፍሌ መለሱኝ። ፎቶው ታጥቦ ውጤቱ የሚነገረኝ በማግሥቱ ነው። ሲስተሯ መጥታ ሕጉን አነበነበችልኝ። እስከ ነገ ጠዋት በጀርባዬ እተኛለሁ፤ እግሬን አላጥፍም፤ ጭንቅላቴን እንኳ ከትራስ አላነሳም። ማሳል ከፈለግሁ ቦታውን በእጄ እይዛለሁ። ቀለሙ በሽንት እንዲወጣ ውሃ እጠጣለሁ፤ የምሸናውም እዚያው ተኝቼ ነው። ሙቅና እርጥብ ነገር ከተሰማኝ እጣራለሁ። ለባለቤቴም ምናልባት ከደማ የት ላይ መጫን እንዳለባት በጣቷ አሳየቻት።

«ሊቀመንበሩ ራሳቸው ቢመጡ እንዳትነሳ» አለችኝ ሲስተሯ። ከዚያ ዞር ዞር ብላ አየችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ቢመጡ ደግሞ ደስ ይለናል» ብላ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ የጠያቂ ሰዓት ሲደርስ ካድሬው መጣ። ይህ ሰው በየስብሰባው ለገባ ሰው ሁሉ ከመቀመጫ እየተነሱ «ኖር» ማለት የፊውዳል ልማድ ነው እያለ የሚያስተምር ሰው ነው። እኔም በትምህርቱ መሠረት ንቅንቅ ሳልል ተቀበልሁት። ቅር ሲለው ፊቱ ላይ አየሁት። አንገቴን ያቃናሁ እንደሁ ብሎ ትንሽ ጠበቀኝ፤ ተስፋ ሲቆርጥ «በርታ ጓድ» ብሎኝ ወጣ። ደስ አለኝ። እንዲህ ተኝቶ መዋልስ አይከፋም አልሁ።

እሱ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ በሩ ላይ አማቼ ቆመዋል።

ጋቢያቸውን ደርበዋል፣ ዱላቸውን ይዘዋል፣ ብብታቸው ሥር ደግሞ የታጠፈ አዲስ አቡጀዲ አለ። ከላፍቶ እስከዚያ በእግራቸው ነው የመጡት፤ ጫማቸው አቧራ ለብሷል። እኔ ያለሁበት ቤት ገብተው የማያውቁ ሰው፣ እኔ ከአንሶላ በቀር ምንም ሳልለብስ በተዘረጋሁበት ክፍል ገቡ። ለአባት ይነሱለታል። ለሽማግሌ ይነሱለታል። ለሚስት አባት ግን ተኝተህ ብትሞት እንኳ መነሳት አለብህ። ይህን ማንም አስተምሮኝ አያውቅም፤ ካድሬውም ሊያስረሳኝ አልቻለም። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ጠያቂዎች በሙሉ «ኖር» እያሉ ተነሱ። እግሩ በጀሶ ተጠቅልሎ የተንጠለጠለው ጎረቤቴ እንኳ አንገቱን ቀና አደረገ። እኔ መነሳቴን ያወቅሁት ተቀምጬ፣ የአሸዋው ከረጢት መሬት ላይ ወድቆ ጧ ካለ በኋላ ነው።

«ኖር አባባ» አልሁ፣ አንድ እግሬን ከአልጋው አውርጄ።

«በእግዜር» አሉ አማቼ።

ያ ሙቀት ተመለሰ። አሁን ደግሞ በእርግጥ ሸናሁ፣ ያውም አማቼ ፊት ብዬ ሽምቅቅ አልሁ። ዝቅ ብዬ ሳይ አንሶላው ቀልቷል። ቀይ ቀለም መቼም ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ይሄ ግን ከቆርቆሮ የወጣ አልነበረም።

ባለቤቴ ዘላ ደረቴን ገፋ አድርጋ አጋደመችኝ። የአባቷን እጅ ለቀም አድርጋ ብሽሽቴ ላይ አኖረችውና በኦሮምኛ እዚህ ጋ ይጫኑ፣ እንዳይለቁ ብላ ሲስተሯን ልትጠራ ሮጠች። አማቼ ዱላቸውን ጣሉ። ብብታቸው ሥር ያለውን አቡጀዲ እንደታጠፈ ደሙ ላይ አደረጉና፣ በሬ ጠምደው እርፍ ሲጫኑ በኖሩበት እጅ ተጫኑኝ።

አማች ፊት ሲጋራ አይጨስም፣ እግር አይዘረጋም፣ ጮክ ብሎ አይሳቅም። አማቹ ብሽሽቱን ቢጨብጡት ግን ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያውቅ ሽማግሌ አገራችን ውስጥ ያለ አይመስለኝም። እኔ ጣሪያውን አየሁ። አማቼም ጣሪያውን አዩ። ጣሪያው ከተቀባ ቆይቷል፤ ጥግ ጥጉ ተልጧል። ጎረቤቴ እንደ ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረልን።

«ምን አስነሳህ?» አሉኝ በመጨረሻ፣ ጣሪያውን እያዩ።

«እርስዎ ሲገቡ…»

«እኔ ስገባ ትሞታለህ?»

እሳቸው ዓይናቸውን ከጣሪያው አውርደው ወደ አልጋው እግርጌ አዩ። ቆይተው አዩ።

«ሁለቱም አሉ» አሉ።

«አሉ አባባ።»

«ሐሙስ ይቆረጣል ብላ ነው የነገረችኝ የወተቷ ሴትዮ።»

«ገና ነው። ፎቶ አንስተውት ነው። ሊቆረጥም ላይቆረጥም ይችላል።»

«ፎቶ?» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። የወተቷ ሴትዮ ወሬውን ላፍቶ እስክታደርሰው ድረስ ግማሹን መንገድ ላይ ጥላዋለች ማለት ነው። እኔም ያን ጊዜ ስለ አቡጀዲው ማሰብ ጀመርሁ። ለታመመ ሰው እርጎ ይመጣል፣ ቆሎ ይመጣል። አቡጀዲ የሚመጣው ለሬሳ ነው።

«ጨርቁ ለምን ነበር አባባ?» አልሁ።

«ለእግርህ ነዋ» አሉ፣ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው በሚል ድምፅ። «እነዚህ የት እንደሚጥሉት ይታወቃል? የሰው እግር እኮ ነው። ልወስደው ነው የመጣሁት።»

«ወዴት?»

«ወደ ቤታችን ነዋ አቦ። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ከአባቴ እግርጌ ይቀበራል። ትናንት አስቆፍሬያለሁ።»

ከላፍቶ እስከ ስድስት ኪሎ ያለ ሰው ሊስቅበት የሚችል ነገር ነው፤ እኔም በኋላ ስንት ጊዜ ስቄበታለሁ። ያን ሰዓት ግን ሆድ ባሰኝና እንባዬ ወደ ጆሮዬ ወረደ፤ ጭንቅላቴን እንዳላነሳ ስለተነገረኝ መጥረግ እንኳ አልቻልሁም። እግሬን ከመሰላል ሥር ቆመው የናቁት ሰው፣ እግሬ ሜዳ እንዳይወድቅ ብለው በአባታቸው እግርጌ ቦታ ሰጥተውታል። መሬት ሁሉ የመንግሥት በሆነበት ዘመን የቀረቻቸው መሬት ያቺ ነበረች።

«አታልቅስ» አሉ አማቼ። «ስታለቅስ ይገፋኛል።»

ሲስተሯና ወጣቱ ዶክተር እየሮጡ ገቡ። ዶክተሩ ቦታውን ሊረከብ ሲል አማቼ እጃቸውን አላነሱም። «ልልቀቀው?» ብለው ጠየቁት። «ይልቀቁ አባ።» «እርግጠኛ ነህ?» «እርግጠኛ ነኝ።» ከዚያ በኋላ ነው የለቀቁት። ዶክተሩ እንደገና ያን ሁሉ ጊዜ ተጫነኝ፣ ሲስተሯ እንደገና ከረጢቱን ጫነችብኝ፣ እየጫነችም እናቴ ሰድባኝ የማታውቀውን ስድብ ሰደበችኝ። ሕጉ ሁሉ ከመጀመሪያው ተጀመረ። የጠያቂ ሰዓት አልቆ ሰው ሲወጣ አማቼ አልወጡም። ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና ዱላቸውን ከአልጋው ብረት እስከ አልጋው ብረት ደረቴ ላይ አጋደሙት።

«እስቲ አሁን ተነሳ» አሉኝ።

በማግሥቱ ወጣቱ ዶክተር ፎቶውን ይዞ መጣ፤ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጋው። አማቼም ከኋላው ቆመው አዩ። የእግሬ ቧንቧዎች ነጭ ሆነው ይታያሉ። ትልቁ መስመር ከብሽሽት እስከ ጉልበት ደህና ይወርድና ከጉልበት በታች ድርግም ብሎ ይጠፋል። ልቤ አብሮት ጠፋ። ዶክተሩ ግን ጣቱን ወደ ጎን ወሰደው። እንደ ክር የቀጠኑ፣ የተጠማዘዙ ትናንሽ መስመሮች ከጠፋው ቦታ ግራና ቀኝ እየዞሩ ታች ድረስ ይሄዳሉ። ሰውነቴ ራሱ የከፈታቸው መንገዶች ናቸው አለ። እግሩ ይተርፋል፤ በየቀኑ በእግሬ መሄድ አለብኝ፤ ሲጋራ ዛሬውኑ ማቆም አለብኝ፤ አለዚያ እነዚህም ይዘጋሉ። ትንሿ ጣት ግን ሞታለች።

አማቼ ፎቶውን ጠጋ ብለው አዩት። «የላፍቶ መንገድ ነው» አሉ። «አስፋልቱ አለቀና ሰዉ በእርሻው መሐል አቋርጦ ይሄዳል።» ዶክተሩ ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ መስጠት አልቻለም። ቀጥለው ወደ እኔ ዞረው፣ «ሲጋራውን አውቃለሁ። ዓመት በዓል ላይ ኪስህ ሲጨስ አይቻለሁ» አሉኝ። እውነት ነው። በር ላይ በድንገት አግኝተውኝ ሳላጠፋው ኪሴ ከትቼው ነበር፤ የሠርግ ኮቴን የበላው እሱ ነው።

ሲጋራውን ተውሁ። አልዋሽም፤ ከጣቴ ይልቅ ሲጋራው ሲለየኝ ነው የጮህሁት። ብሽሽቴ ላይ የመዳፍ ያህል የሰፋ ቦታ ሰማያዊ ሆኖ በለዘ፣ ከዚያ አረንጓዴ ሆነ፣ ቢጫ ሆኖ ጠፋ። ጣቴን ደግሞ ቆረጧት። የተቆረጠችበት ቀን አማቼ በሰዓቱ ተገኙ። ባለቤቴ ያን አቡጀዲ አጥባ ተኩሳው ነበር፤ ጣቴን በሙሉ ጨርቁ ደጋግመው ጠቀለሏትና ይዘዋት ሄዱ። ጉድጓዱ ለእግር ነበር የተቆፈረው፣ ለትልቅ ሰው እግር። ቄሱ ምን እንደሚቀበር ሲጠይቋቸው «የልጄ ነው» ብቻ ብለው እንዳለፉ ከዓመታት በኋላ ነው የሰማሁት።

ከዚያ ወዲህ አማቼ ቤታችን ይመጡ ነበር። የሚገርመው ግን አንድም ቀን ልነሳላቸው አልቻልሁም። በሩ ላይ ብቅ ሲሉ ከወንበሬ ንቅንቅ ስል እጃቸውን ያነሳሉ፤ «ተኛ» ይሉኛል። ምሳ እየበላሁ «ተኛ»። ሰው ቤት ተጠርተን፣ ሽማግሌው ሁሉ «ኖር» ብሎ ሲቆም፣ እኔን ብቻ በዱላቸው ጠቆም አድርገው «አንተ ተኛ»። ምክንያቱን የማያውቅ ሰው ሁሉ ባለጌ አማች ይለኝ ነበር። ደስ እያለኝ ባለጌ ተባልሁ።

ደርግ ሳይወድቅ አማቼ አረፉ። ከነፋስ ስልክ ላፍቶ በእግሬ ሄድሁ፤ ከመብራት እንጨት መብራት እንጨት እየቆምሁ፣ ግን ደረስሁ። አስከሬናቸው ከቤት ሲወጣ ሰዉ በሙሉ ተነስቶ ቆመ። እኔም ተነሳሁ፤ ተኛ የሚለኝ አልነበረም። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ እስከ መጨረሻው አፈር ድረስ በሁለቱም እግሬ ቆምሁላቸው። ያሳረፏቸው ከአባታቸው እግርጌ ነው፤ ተኝታ የተቀበለቻቸው ጣቴ ብቻ ነች።